ግንባር ላይ ዘፋኝ ምን ይሠራል?

ጦርነት በመጣ ቁጥር አንድ የማይቀር ነገር አለ። አርቲስቶች ተሰብስበው ግንባር ይሄዳሉ። በቴሌቪዥን መለዮ ለብሰው፣ ከወታደሩ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው እናያቸዋለን። ከዚያ ግማሹ ሰው "አበጁ!" ይላል። ግማሹ ደግሞ "ጥይት በሚጮህበት እስክስታ ምን ያደርጋል?" ብሎ ያላግጣል። ይሄ ክርክር ከአስኮ ቡራዩ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ተነስቶ ሰው ሊጣላ ሲደርስ ሰምቻለሁ። የገረመኝ ግን ጩኸቱ አይደለም። ሁለቱም ወገን ስለ ዘፋኙ ያወራል፤ ስለሚሰማው ወታደር ግን አንድም ሰው አላነሳም።

እንግዲህ እኔ ከወታደሩ በኩል ልጀምር።

ጦርነት ማለት ተኩስ ብቻ የሚመስለው ፊልም ያየ ሰው ነው። የወታደር አብዛኛው ቀን መጠበቅ ነው። ምሽግ መቆፈር፣ ውኃ መጠበቅ፣ ስንቅ መጠበቅ፣ ትእዛዝ መጠበቅ፣ ደብዳቤ መጠበቅ። በዚህ መሃል ሰው ማሰብ ይጀምራል። ስለ ቤቱ ያስባል፣ ትናንት አጠገቡ ስለነበረው ልጅ ያስባል፣ "ለመሆኑ እዚህ መሆኔን የሚያውቅ አለ?" ይላል። ሞራል የሚባለው ነገር የሚያልቀው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው፤ ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ። ዘፋኙ የሚደርሰውም ለዚህ ሰዓት ነው። ተኩስ ላይ ማንም ማይክ ይዞ አይቆምም።

ቡራዩ ለሚኖር ሰው ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። በአምቦ መንገድ ከገፈርሳ አለፍ ብሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር አለ። በ1969 ዓ.ም.፣ በምሥራቅ ሶማሊያ፣ በሰሜን ደግሞ የኤርትራው ጦርነት ሲከብድ፣ ሚያዝያ 4 ቀን የእናት አገር ጥሪ ታወጀ። ከየክፍለ ሀገሩ የተሰበሰበው ገበሬ የሠለጠነው እዚያ ነው። ቁጥሩ 300 ሺህ ተብሎ ነው የሚነገረው። እስቲ አስቡት። ትናንት እርሻ ላይ የነበረ ሰው፣ አብዛኛው ማንበብ የማይችል፣ ብዙው እርስ በርሱ ቋንቋ የማይግባባ፣ በጥቂት ወር ውስጥ አንድ ሠራዊት መሆን አለበት። ወረቀት በትኖ አይሆንም። ንግግርም ቢሆን የሚገባው ለአንዱ ነው፣ ለሌላው አይገባውም። ምት ግን ለሁሉም ይገባል። አንድ ሺህ ሰው እኩል እያጨበጨበ አንድ አዝማች ሲመልስ፣ ቃሉን ባያውቀው እንኳ አጠገቡ ካለው ሰው ጋር አብሮ መሆኑን ያውቃል።

ሰፈራችን ውስጥ ያኔ ታጠቅ የሠለጠኑ አንድ አዛውንት አሉ። "ጋሼ፣ ያን ጊዜ የተነገራችሁን ንግግር ያስታውሱታል?" አልኳቸው።

"የትኛውን? ስንቱ ተናገረ ልጄ!" ብለው ሳቁ።

የኪነቱን ቡድን ግን ቁልጭ አድርገው ያስታውሱታል። የጭነት መኪና ካሶኒ ላይ ነበር አሉ መድረኩ። ሠልጣኙ ሜዳው ላይ ተቀምጦ፣ ያ ጥርስ የሚሰብር ኮቾሮ፣ የወታደር ደረቅ ብስኩት፣ በእጁ ይዞ፣ ኮዳው ላይ እየመታበት ምት ይይዛል። አንድ ቀን ጄኔሬተሩ ቀጥ አለ። ማይኩ ሞተ። ዘፋኟ አላቆመችም። ከመኪናው ወረደችና ሠልጣኙ መሃል እየገባች "ጎጃሜ አለህ? ሐረርጌ አለህ? ሲዳሞ አለህ?" እያለች የአገሩን ስም እየጠራች ታዜም ጀመር። "ወለጋ ስትል ዘልዬ ተነሳሁ፣ ኮቾሮው ከእጄ ወደቀ" አሉኝ። ስሟን አያውቁትም። መልኳም በደንብ አይታወሳቸውም። ያገራቸውን ስም መጥራቷን ግን እስከ ዛሬ አልረሱትም።

የሥራው ዋና ነገር እዚህ ታሪክ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። ወታደር ጀግንነትን የሚነግረው ሰው አያጣም፤ አዛዡም፣ ካድሬውም፣ ሬዲዮውም ይነግረዋል። የሚያጣው የሚያውቀውን ሰው ነው።

ነገሩ እኛ ዘንድ አዲስ አይደለም። ድሮ ሠራዊትና አዝማሪ አይነጣጠሉም ነበር። የጥንቱ ጦር ሲንቀሳቀስ ከተማ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ስንቅ ተሸካሚው፣ ጠላ ጠማቂዋ፣ ቄሱ፣ እምቢልታ ነፊው፣ ነጋሪት መቺው አብሮ ይጓዛል። አዝማሪውም ከነማሲንቆው እዚያው ነው። ለዓድዋ ክተት ታውጆ እስከ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ድረስ ያ ሁሉ ሰው ወራት በእግሩ ሲጓዝ፣ ማታ ማታ እሳት ዳር የሚያጫውተው እሱ ነበር። ሲያሻው ያወድሳል፣ ሲያሻው ይሸረድዳል። ወታደሩም ዝም ብሎ አይሰማም። "ተቀበል!" ይልና የራሱን ግጥም ይሰጠዋል፣ አዝማሪው በዜማ ይመልስለታል። ስለዚህ የወታደሩ ቅሬታም፣ ናፍቆቱም፣ በአለቃው ላይ ያለው ሽሙጥም በአዝማሪው አፍ ይወጣል። መኳንንቱም የሰፈሩን ወሬ በዚህ ይሰማሉ። ዛሬ በስብሰባ የማይነገረው ያኔ በማሲንቆ ይነገር ነበር ማለት ነው።

ፉከራን ደግሞ ብዙ ሰው እንደ ጉራ ነው የሚያየው። ጉራነቱ አይካድም። ግን ሌላም ሥራ ነበረው። ከውጊያ በኋላ ጦረኛው በአለቃው ፊት "ዘራፍ!" ብሎ ሲነሳ የሠራውን እየቆጠረ ነው፤ የት ገባ፣ ማንን ጣለ፣ ምን ማረከ። ሹመትና ሽልማት ከዚያ ይመጣል። ታዲያ አብሮት የተዋጋው ሁሉ ተቀምጦ እየሰማ ስለሆነ መዋሸት ቀላል አይደለም። ውጊያው ሳይጀመር የሚሰማው ሽለላና ቀረርቶ ደግሞ በሌላ በኩል ይሠራል። ሰውን ከሞት ፍርሃት በላይ የሚይዘው "የሀገሬ ሰው ምን ይለኛል?" የሚለው ነው። አዝማሪው ይሄን ያውቃል። የአባትህን ስም ይጠራል፣ የወንዝህን ስም ይጠራል፣ ከዚያ ወደ ኋላ መመለስ ይከብድሃል። እውነቱን ለመናገር ይሄ ትንሽ ያስፈራኛል። አንድ ሰው በዘፈን ተይዞ ወደ ሞት ሊሄድ ይችላል፤ የዘፈነለት ሰው ግን ማታ ቤቱ ይገባል።

ጠላትም ቢሆን የዘፈንን ጉልበት አይንቅም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በአዲስ አበባ የሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ የማይወራው ቀጥሎ የመጣው ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ግራዚያኒ ለሮም ባስተላለፈው መልእክት አዝማሪዎችን፣ ጠንቋዮችንና ትንቢት ተናጋሪዎችን እያስያዘ እያስገደለ መሆኑን አስታውቋል። ማሲንቆ የያዘ ሰው ምን አደረገ? አዝማሪ ከገበያ ገበያ ይዞራል። ጣሊያን የተሸነፈበትን ወሬ ይዞ ይሄዳል፣ በቅኔ ሸፍኖ ያወራል፣ ሰው ይስቃል፣ ሰው ተስፋ ያደርጋል። ጋዜጣና ሬዲዮ በጠላት እጅ ባለበት አገር ወሬውን የሚያደርሰው እሱ ነው። ለዚህ ነው የታደኑት።

ከወረራው በፊትም መንግሥት ይሄን ገብቶት ነበር። ሀገር ፍቅር የተቋቋመው በ1927 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ሊገባ ሲያቆበቁብ፣ በመኮንን ሀብተወልድ አስተባባሪነት ነው። ዛሬ ፒያሳ ትያትር ለማየት የምንገባበት ቤት አጀማመሩ ሕዝብን ለአገር መከላከል ለመቀስቀስ ነበር። ንግግርና ዘፈን አንድ ላይ ይቀርባል፤ ንግግሩ የሰለቸው ለዘፈኑ ሲል ይቆያል። ብልሃቱ ዛሬም አልተለወጠም።

ከነፃነት በኋላ ነገሩ መልኩን ቀየረ። ዘፋኙ ራሱ ወታደር ሆነ። ክቡር ዘበኛ የራሱ ኦርኬስትራ ነበረው፣ ጦር ሠራዊት ነበረው፣ ፖሊስም ነበረው። ጥላሁን ገሠሠ ከሀገር ፍቅር ወደ ክቡር ዘበኛ ገባ፤ ማህሙድ አህመድም በዚያው ቤት ዘፍኗል። ዛሬ "የወርቃማው ዘመን ሙዚቃ" እያልን የምናደንቀው ብዙው ነገር ከጦር ሰፈር የወጣ ነው። ደመወዝ የሚከፍለው ሠራዊት ነው፣ ሳክስፎኑም የመንግሥት ንብረት ነው። በነገራችን ላይ ጌታቸው መኩሪያ ሽለላን ከሰው ጉሮሮ አንስቶ ሳክስፎን ላይ ያስቀመጠ ሰው ነው። አንዳንዴ እንደ ድሮ ጦረኛ ጎፈር ደፍቶ መድረክ ላይ ይወጣ ነበር። ያንን ድምፅ ሰምቶ ጸጉሩ የማይቆም ሰው ካለ ሐኪም ቤት ይሂድ።

መለዮው ግን ዕዳም ነበረው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ጥላሁን ታስሯል። ወንጀሉ የዚያ ክፍል ዘፋኝ መሆኑ ነው። ለሠራዊት የዘፈነ ሰው ሠራዊቱ የወደቀ ቀን አብሮ ሊወድቅ ይችላል። ይሄ ከዚያ በኋላም እኛ አገር ተደጋግሟል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር "አንተ ለእነ እከሌ ዘፍነሃል" የሚባል ሰው አይጠፋም።

ደርግ ሲመጣ ኪነት የሌለው ቦታ ጠፋ። ቀበሌው ኪነት አለው፣ ፋብሪካው ኪነት አለው፣ ክፍለ ጦሩ ኪነት አለው። በሌላው ወገንም እንደዚያው ነው፤ የሻዕቢያም የሕወሓትም ታጋይ የየራሱ የባህል ቡድን ነበረው። ተራራው ወዲህና ወዲያ ማዶ ያለው ልጅ ለየብቻው እየተጨበጨበለት አንድ ጦርነት ተዋግቷል።

አሁን ወደ አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ልምጣ። ለወታደር ምን ዓይነት ዘፈን ነው የሚዘፈነው? ሁላችንም "ቀስቃሽ" እንላለን። አዛውንቱን ስጠይቃቸው ግን ፊታቸውን አጨማደዱ። "በየቀኑ ፉከራ ማን ይችላል? ማታ ማታ ትዝታ ነበር የምናስዘፍነው" አሉ።

ይሄ የእኛ ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዛዊቷ ቬራ ሊን ለወታደሮች የምትዘፍነው የናፍቆት ዘፈን ነበር። ሹማምንቱ ውስጥ "ይሄ ልፍስፍስ ዘፈን ወታደሩን ያለሰልሰዋል" ብለው የተቃወሙ ነበሩ። ወታደሩ ግን እሷን ነበር የሚፈልገው። እ.ኤ.አ. በ1944 እሷ ራሷ እስከ በርማ ግንባር ድረስ ሄዳ፣ በዚያ ሙቀትና ወባ መሃል ዘፍናላቸዋለች። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የ"ሊሊ ማርሊን" ነገር ነው። ጀርመንኛ ዘፈን ነው። አንድ ወታደር ከጦር ሰፈር በር ላይ መብራት ሥር ስለተለያት ልጅ ያስባል፤ በቃ ይሄው ነው። ከ1941 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጀርመኖች በያዙት የቤልግሬድ ሬዲዮ ማታ ማታ ይተላለፍ ነበር። የናዚው የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ አልወደደውም። ሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ ግን ጀርመኑም እንግሊዙም ሬዲዮ ከፍቶ ይጠብቀው ነበር። ቀን ሲገዳደሉ የዋሉ ሰዎች ማታ አንድ ዘፈን ይሰማሉ። ጎብልስ የፈራው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። ዘፈኑ ጠላትን አይረግምማ።

እና የናፍቆት ዘፈን ያለሰልሳል ወይስ ያበረታል? እንደ እኔ ያበረታል። ወታደር የሚዋጋው ለካርታ አይደለም። አጠገቡ ላለው ጓደኛና ቤቱ ለተዋቸው ሰዎች ነው። ትዝታ ያን ቤት መልሶ ያመጣለታል። ያለቅሳል፣ ይወጣለታል፣ ይተኛል። የተኛ ወታደር ደግሞ ካልተኛው ይሻላል፤ ይሄን ለማወቅ ጄኔራል መሆን አያስፈልግም።

ተኩስ ቆሞም ሥራው አያልቅም። ማሪሊን ሞንሮ ኮሪያ የሄደችው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1954 ነው፤ ጦርነቱ ከቆመ ወራት አልፈዋል። የጫጉላ ሽርሽሯን ጃፓን ላይ አቋርጣ፣ በዚያ ብርድ ስስ ቀሚስ ለብሳ፣ በ4 ቀን 10 ትርኢት አቀረበች። ከ100 ሺህ በላይ ወታደር አይቷታል። የእኛ የቃኘው ሻለቃ ልጆችም ያኔ እዚያው ኮሪያ ነበሩ። ተኩስ የቆመበት ወታደር ከሚዋጋው በላይ ይሰለቻል። ለምን እንደቆየም ማንም በቅጡ አይነግረውም።

ታዲያ ሙዚቃ ይሄን ሁሉ ከቻለ፣ ለምን በሙዚቃ የታጀበ ሠራዊት ይሸነፋል? እዚህ ላይ ብዙ ባለሥልጣን ይሳሳታል። ዘፈን ያለውን ሞራል ያቆያል፤ የሌለውን አይፈጥርም። ወጥ ለሌለው እንጀራ በርበሬ ብትነሰንስበት አያጠግብም። አሜሪካዊው ኮሜዲያን ቦብ ሆፕ ከ1941 እስከ 1991 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ለወታደር ሲያቀርብ የኖረ፣ ወታደሩ እንደ አጎቱ የሚያየው ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የገና ሰሞን ቬትናም ላይ "ፕሬዚዳንቱ የሰላም ዕቅድ አለው" ሲል ግን ወታደሮቹ ጮኹበት። ቀልዱ አልከፋም። ያላመኑትን ነገር ስለነገራቸው ነው።

እኛ ጋ ደግሞ 1980 ዓ.ም.ን አስታውሱ። ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል። በየካቲት፣ ኤርትራ ግንባር ላይ የነበረው የናደው ዕዝ አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በራሱ መንግሥት ተረሸነ። ብዙም ሳይቆይ፣ መጋቢት ላይ፣ ናደው አፍአበት ላይ ተደመሰሰ። አዛዡ በወገን ጥይት ሲገደል ያየ ወታደር በየትኛው ዘፈን ይበረታታል? ስንቅ ካልደረሰ፣ እረፍት ካልተሰጠ፣ የሞተው ጓደኛው ቤተሰብ መርዶ እንኳ ካልተነገረው፣ የኪነት ቡድን መላክ ስድብ ይሆናል። ወታደሩ ያጨበጭባል። ግን ለትእዛዝ ነው የሚያጨበጭበው።

ሌላው አደጋ ጥላቻ ነው። ወገንን ማበርታትና ሌላውን ከሰው ተራ ማውጣት ይለያያሉ፤ በጦርነት ግርግር ግን ድንበሩን ለማለፍ አንድ ስንኝ ይበቃል። በሩዋንዳ ሲሞን ቢኪንዲ የሚባል ታዋቂ ዘፋኝ ነበር። የሩዋንዳውን ጭፍጨፋ የዳኘው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 የ15 ዓመት እስራት ፈርዶበታል። የተፈረደበት በዘፈኖቹ አይደለም፤ በጭፍጨፋው ወቅት መኪና ላይ ሆኖ በድምፅ ማጉያ ቱትሲዎች እንዲገደሉ በመቀስቀሱ ነው። ዝናው ባይኖረው ማን ይሰማው ነበር? እንደኛ ባለ አገር፣ ጦርነቱ ከውጭ ወራሪ ጋር ሳይሆን ከአክስት ልጅ ጋር ሲሆን፣ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል። ካራማራ ላይ "ጠላት" ማለት ድንበር ጥሶ የገባ ጦር ነው። በእርስ በርስ ጦርነት ግን ያ ዘፈን ሰላም ሲሆን በሠርግ ቤት፣ በታክሲ፣ በጎረቤት ግድግዳ በኩል ይሰማል። ለዚህ ነው ግንባር የሚሄድን አርቲስት "ሄድክ" ብዬ የማልወቅሰው፤ እዚያ ሄዶ ያለውን ግን ቃል በቃል እሰማዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚረሳው ሐኪም ቤት ነው። ካሜራ ብዙ አይወደውም። እግሩን ላጣ ልጅ "ታጠቅ፣ ዝመት" አይባልም። እዚያ የሚሠራው ትንሽ ነገር ነው፤ አልጋ ዳር ቁጭ ብሎ "የት አገር ነህ? ምን ልዝፈንልህ?" ማለት። ልጁ አስቂኝ ነገር ሊመርጥ ይችላል፣ ወይም "ዝም ብለህ አጫውተኝ" ሊል ይችላል። ጥሩ አዝማሪ ይሄን ያውቅበታል፤ የሰውን ፊት ማንበብ የሱ እንጀራ ነው። ባንድ ይዞ የሚመጣው አርቲስት ግን ብዙ ጊዜ ያዘጋጀውን ትርኢት አቅርቦ ይሄዳል።

አሁን ደግሞ ስልክ መጥቷል። ድሮ ወታደሩ ስለ ከተማው የሚሰማው ዘፋኙ ሲነግረው ነው። ዛሬ ኔትወርክ ያገኘ ቀን ቲክቶክ ከፍቶ፣ ጠዋት እሱ ጋ መለዮ ለብሶ "ከጎንህ ነን" ያለው አርቲስት፣ በሳምንቱ ቦሌ ክለብ ውስጥ ሲጨፍር ያያል። መጨፈሩ ኃጢአት አይደለም፣ ሥራው ነው። ግን ወታደሩ ሁለቱን ቪዲዮ አንድ ላይ ነው የሚያየው። ሳይቀረጽ የሄደ፣ አንድ ቀን አድሮ ኮቾሮውን አብሮ የበላ፣ የልጁን መልእክት ተቀብሎ ለእናቱ ደውሎ ያደረሰ አርቲስት ስንት እንዳለ በቴሌቪዥን ማወቅ አይቻልም። ወታደሮቹ ግን ያውቃሉ። ማን እንደሆነም እርስ በርሳቸው ያወራሉ።